ልብስ አጣቢ ተብለው ስለ ተጻፉ አስታማሚዎች

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሰሜኑና የደቡቡ ወገን በባርነት ምክንያት ተለያይተው፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1861 እስከ 1865 ዓመት ድረስ በተዋጉ ጊዜ፥ ከጌቶቻቸው እጅ አምልጠው ወደ ሰሜኑ ጦር የገቡ ጥቁር ሴቶች ብዙዎች ነበሩ። እነርሱም ቁስለኛውን አጥበው፥ ሕመምተኛውን አጕርሰው አስታመሙ። የጦሩ ጸሓፊ ግን ስማቸውን በመዝገብ ሲያገባ አብዛኛውን ጊዜ ልብስ አጣቢ ወይም ወጥ ሠሪ ብሎ አገባው። በቅኔ ሰሙ ወርቁን ቢሸፍነው ለሚፈታው ሰው ደስታ ነው፤ በዚህ መዝገብ ግን ሰሙ ወርቁን በሸፈነው ጊዜ እንጀራ አሳጣ።

ሱዚ ኪንግ ቴይለር በ1848 ዓመት በጆርጂያ በባርነት ተወለደች። በዚያ አገር ባሪያን ማስተማር በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ፥ በሳቫና ከተማ መጽሐፏን በወረቀት ጠቅልላ ከዘበኛ ዓይን እየሸሸገች፥ ከአንዲት ነጻ ጥቁር ሴት ቤት ፊደል ቈጠረች። በ1862 ዓመት፥ ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላት፥ ከአጎቷ ጋራ ወደ ሰሜኑ ጦር ሸሸች፤ ኋላም ከባርነት በወጡ ሰዎች በተቋቋመውና ባሏ የሃምሳ አለቃ በነበረበት ክፍለ ጦር ልብስ አጣቢ ተብላ ተመዘገበች። ዳሩ ግን ጠመንጃ ትወለውል፥ ወታደሮቹን ፊደል ታስቈጥር፥ ቁስለኛም ታስታምም ነበር። አንድ ወታደር ፈንጣጣ ይዞት ከሰው ተለይቶ በድንኳን በተኛ ጊዜ፥ ከሐኪሙና ከአንድ አገልጋይ በቀር ማንም እንዳይገባ ቢከለከልም፥ እርሷ ዕለት ዕለት እየገባች እስኪሞት ድረስ አስታመመችው። ተከትባ ነበረችና፤ ደግሞም የሳሳፍራስ ሻይ ከደዌው ይጠብቀኛል ብላ ታምን ነበር። የሻዩን ነገር ለሐኪሞች እንተወው። ከአራት ዓመት በላይ ስታገለግል አንድ ዶላር ስንኳ ደመወዝ አልተከፈላትም።

በ1892 ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያ ጦርነት ስድስት ወር ላገለገሉ አስታማሚዎች በየወሩ 12 ዶላር ጡረታ ፈቀደ፤ ነገር ግን በአስታማሚነት በታወቀ ሹም የተቀጠረች መሆኗ መረጋገጥ ነበረበት። ስለዚህ ልብስ አጣቢ የተባለችው ሱዚ ምንም አላገኘችም። ስመ ጥሩዪቱ ሐርየት ተብማን ስንኳ፥ በደቡብ ካሮላይና ሕሙማንን በሥራ ሥር መድኃኒት ያዳነችው፥ ጡረታዋ ወደ 20 ዶላር ያደገላት ጦርነቱ ካለቀ 34 ዓመት በኋላ በ1899 ነው።

አን ስቶክስ የተባለችው ሴት ግን በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሬድ ሮቨር በተባለች የሐኪም ቤት መርከብ ከ1863 እስከ 1864 አገለገለች። የባሕር ኀይሉም ለሴት የሚሆን ማዕረግ ስላልነበረው የአንደኛ ደረጃ ወንድ ልጅ ብሎ መዘገባት! ይህ የሚያስቅ ቢሆንም ደመወዝ አስገኘላት፤ በ1890 ዓመት ስለ ገዛ አገልግሎቷ ጡረታ በጠየቀች ጊዜም ስሟ በመዝገብ ተገኝቶ በየወሩ 12 ዶላር ተፈቀደላት።

ሱዚ በኋላ በቦስተን ከተማ ተቀመጠች። በ1896 ዓመት በማሳቹሴትስ የሚኖሩት የሰሜኑ ጦር አርበኞች ስም ይሰብሰብ በተባለ ጊዜ፥ ከከተማው አንዱ ሰፈር ለእርሷ ደረሳትና እየዞረች መዘገበቻቸው። በ1902 ዓመትም የጦር ሰፈር ኑሮዋን ታሪክ ስታሳትም፥ በመጽሐፉ መጨረሻ በሕይወት የቀሩትን የክፍለ ጦሯን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አገባች።