የኮምፒዩተር ዲስክ አከፋፈል ታሪክና ለትምህርት ቤቶች ያለው ፋይዳ

በወላይታ፣ በሻንቶም ሆነ በአካባቢዋ ቀበሌዎች፣ ገበሬው መሬቱን ሁሉ በአንድ ዓይነት አይዝም። በቤቱ ዙሪያ ያለውን፣ ፍግ እየተደረገበት እንሰት የሚተከልበትን ጓሮ ዳርኩዋ፣ ራቅ ብሎ እህል የሚዘራበትን ማሳ ደግሞ ሾካ ብሎ ይለየዋል። ይዞታው አንድ ሲሆን አገልግሎቱና አያያዙ ሁለት ነው። አንድ የኮምፒዩተር ዲስክ ስለምን እንደሚከፋፈል ለተማሪዎች ለሚያስረዳ የአካባቢው መምህር ይህ ቅርብ ምሳሌ ይሆነዋል።

ዲስክን መከፋፈል የተጀመረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የጋራ መገልገል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአይ.ቢ.ኤም. የተዘጋጀው ሲ.ፒ.-67 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ትልቁን ዲስክ ሚኒዲስክ ወደተባሉ ክፍሎች እየሸነሸነ ለየተጠቃሚው ያድል ነበር። ሁለተኛው የቁጥር ገደብ ነው። በ1979 የወጣው ሲ.ፒ./ኤም. 2.2 በአንድ ድራይቭ ከ8 ሜጋባይት በላይ ማስተዳደር ስለማይችል፣ ከዚያ የሚበልጥ ዲስክ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ፊደል ይሰጠው ነበር።

በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር በፍሎፒ ዲስክ ይሠራ ስለነበር መከፋፈል አላስፈለገውም። በመጋቢት 1983 ግን 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ኤክስ.ቲ. ከዶስ 2.0 ጋር ወጣ። ልዩ ልዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በአንድ ዲስክ ላይ እንዲኖሩ ታስቦም፣ ኤፍዲስክ በተባለው ፕሮግራም ዲስኩን መከፋፈል ተቻለ። የአከፋፈሉ ሰንጠረዥ የተቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ነው። ሴክተሩ 512 ባይት ሲሆን ለሰንጠረዡ የተመደበው 64 ባይት ብቻ ነበር። እያንዳንዱ መስመር 16 ባይት ስለሚወስድ ክፍሎቹ ከ4 ሊበልጡ አልቻሉም። ሀ እና ለ እንደማለት «ኤ» እና «ቢ» ለፍሎፒ የተያዙ በመሆናቸው ሃርድ ዲስኩ «ሲ» ተባለ፤ ፍሎፒ ከቀረ በኋላም ስሙ ጸንቶ ቆይቷል።

የዚያን ጊዜው ዶስ ሴክተሮችን የሚቆጥረው በ16 ቢት ስለነበር ከ65,536 ሴክተር፣ ማለትም ከ32 ሜጋባይት የሚበልጥ ክፍል አያውቅም ነበር። በ1987 የወጣው ዶስ 3.3 አንዱን ክፍል በውስጡ እንደገና በመሸንሸን ችግሩን አቃለለ፤ በ1988 ዶስ 4.0 የቁጥሩን ወሰን ራሱን አሰፋው። ይሁን እንጂ ባለ 4 መስመሩ ሰንጠረዥ፣ ጂ.ፒ.ቲ. የተባለው አዲስ ሰንጠረዥ እስኪተካው ድረስ፣ ለ10 ሜጋባይት ከታሰበበት ዘመን አልፎ እስከ 2 ቴራባይት ዲስክ ድረስ አገልግሏል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። ለዕቅድ አውጪዎች፣ ለዛሬ ጉዳይ የተወሰነ ጠባብ ቁጥር ለብዙ ዓመታት አስገዳጅ ሆኖ እንደሚቀር ያስገነዝባል። ለመምህራን ደግሞ የተማሪዎች ውጤት ሮስተር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካለበት ክፍል ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ሲስተሙ ተበላሽቶ «ሲ» እንደገና ሲጫን መዝገቡ ሊተርፍ እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን ክፍሎቹ ሁለት ቢሆኑም ዲስኩ አንድ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ሲሰበር ዳርኩዋውም ሾካውም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ የሮስተሩ ቅጂ በሌላ ዕቃ ላይ ሊቀመጥ ይገባል።