«ፒዲኤፍ ነው ወርድ?»

ደምበል አካባቢ ፍላሽ ይዛችሁ ፕሪንት ቤት ስትገቡ የምትጠየቁት ይሄን ነው። ጥያቄው ታሪክ አለው።

ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ አማርኛ የምንጽፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። ፎንቶቹ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ሀ ሁ ሂን ይስላሉ። እኛ የምናየው አማርኛ፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጅ ፊደልና ምልክት። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ጉድ ፈላ! የመመረቂያ ጽሑፍህ የምልክት ክምር ሆኖ ቁጭ ይላል።

አዶቢ በ1993 ያወጣው ፒዲኤፍ ለኛ መድኃኒት የሆነው ለዚህ ነው። ፎንቱን ራሱን ፋይሉ ውስጥ ይዞ መሄድ ይችላል፤ ለማየትም ለማተምም አክሮባት ሪደር ይበቃል። (ሪደሩም መጀመሪያ በገንዘብ ይሸጥ ነበር።) ዛሬም ከማሳተማችሁ በፊት ሪደር ላይ ኮንትሮልና ዲን ተጭናችሁ «ፎንትስ» የሚለውን እዩ። ከፎንቱ ስም አጠገብ «ኢምቤድድ» ካለ፣ ፕሪንት ቤቱ ፎንቱ ባይኖረውም አትጨነቁ።

መዘዙ ግን አልቀረም። በነዚያ ፎንቶች የተሠራ ፒዲኤፍ ለዓይንና ለፕሪንተር አማርኛ ነው፤ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን ብዙ ጊዜ ያው ዝባዝንኬ ይወጣል። ውስጡ «ፍትሕ» የሚል ቃል እያያችሁ፣ ጽፋችሁ ብትፈልጉት የለም ይላችኋል። የስንት ሰው ድካም እንዲህ ታስሮ ተቀምጧል መሰላችሁ!

የድሮ ፋይል ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ዋናው ወርድ ሳይጠፋባችሁ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጉት።