ፊታቸው ያልታየ ሠራተኞች
(የድመቱና የአይጡ ፊልም ታሪክ)

በአገራችን «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላል። በሥዕል ፊልም የታወቀው ድመት ቶምም አይጡን ጄሪን የማሳደድ ዐመሉን ሳይተው ዓለምን ሲያስቅ ኖሯል። እኛም ባየነው ቍጥር ከልባችን ስቀናል፤ ነገር ግን እነማን እንደ ደከሙበት ጠይቀን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

የመጀመሪያው ፊልም «ፑስ ጌትስ ዘ ቡት» ይባላል። በአሜሪካ አገር ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር በተባለው ኩባንያ ተሠርቶ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1940 ለሕዝብ ታየ። ርዝመቱ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው። በዚያን ጊዜ ድመቱ ጃስፐር ይባል ነበር። የቤቱ ሠራተኛ ዳግመኛ ዕቃ ቢሰብር ከቤት እንደምታስወጣው ታስጠነቅቀዋለች። አይጡም ይህን ባወቀ ጊዜ ብርጭቆና ሳሕን ከላይ መጣል ጀመረ፤ ድመቱም ጠላቱን መያዝ ትቶ ዕቃ ሲቀልብ ይታያል። በመጨረሻ ሳሕኑ ተሰበረ፤ ድመቱም ተባረረ። ጕልበት የሌለው በብልሃት አሸነፈ።

ይህን የፈጠሩት ዊልያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። ይሁን እንጂ በፊልሙ መግቢያ ላይ የተጻፈው የሩዶልፍ አይሲንግ ስም እንጂ የእነርሱ አልነበረም። የክፍሉ አለቃ ፍሬድ ክዊምቢም የድመትና የአይጥ ፊልም እንዲቀጥል አልፈለገም። ነገር ግን ፊልሙ ለኦስካር ሽልማት ታጨ። ባርቤራ እንደ ተረከውም፥ በቴክሳስ የሲኒማ ሥራ የነበራት አንዲት ሴት ሌላ እንዲሠራ በደብዳቤ ጠየቀች። ሥራውም ቀጠለ። ቶምና ጄሪ የሚለውን ስም ያወጣው ጆን ካር የተባለ ሠዓሊ ሲሆን፥ ዋጋው 50 ዶላር ነበረ።

የሁለቱ ሰዎች ፊልሞች እስከ 1958 ድረስ 114 ደረሱ። ለአንድ ሰኮንድ 24 ምስል ያስፈልጋል፤ ሥዕሉም በእጅ ይሣል ነበር። ከእነዚህ ሰባቱ ኦስካር አገኙ። ሽልማቱን የተቀበለው ግን አዘጋጁ ክዊምቢ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን የቤት ሠራተኛዋ ነገር ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ የሚታየው እግሯ እንጂ ፊቷ አይደለም ማለት ይቻላል። ድምፅ የሰጠቻት ሊሊያን ራንዶልፍ ስትሆን፥ ስሟ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ጥቁር አሜሪካውያን ይህ አሣሣል ክብራቸውን የሚነካ መሆኑን ገልጠው ተቃወሙ፤ ሠራተኛዋም ከ1952 በኋላ በእነሐና ፊልሞች አልታየችም። እኛ ግን በሣቃችን መካከል ይህን ሁሉ አላስተዋልንም ነበር።

ዛሬ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የዲሬክተሮችና የመምህራን ስም በዚህ መጽሔት ተጽፏል፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን በየማለዳው ደወል የሚደውለው፥ ክፍላችንን የሚጠርገው፥ በሌሊት በሩን የሚጠብቀው ሰው ስም የት አለ? ታሪክ ለመጻፍ ብዕር የምናነሣ ተማሪዎች ሁሉ አስቀድመን ይህን ብንጠይቅ መልካም ነው እንላለን።