የአይዋው ገበሬ ልጅ ፍራንክ ጎች



ዛሬ ትግል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በቴሌቪዥን የሚታየውን፣ አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነበትን ትርኢት ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ጥንቱ አሜሪካዊ ሻምፒዮን ስለ ፍራንክ ጎች ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጎች በ1877 በአይዋ ግዛት፣ ሐምቦልት ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እርሻው ጉልበት ሰጠው፤ ከአገሩ ጎረምሶች ጋር እየታገለም ስሙ ተጠራ። በ1899 የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው የተባለ አንድ ሰው ሉቨርን በምትባል መንደር ገጠመው። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የከሰል አመድ በተነጠፈበት የሩጫ ሜዳ ላይ ተያይዘው ቆዩ፤ በመጨረሻ ጎች ተሸነፈ። ኋላ ሲጣራ ነጋዴ የተባለው ሰውዬ ለካ ዳን ማክሎድ የሚባል የታወቀ የአሜሪካ ሻምፒዮን ኖሯል!

በዚያው ዓመት መጨረሻ ማርቲን በርንስ የተባለው ስመ ጥር ታጋይ ፎርት ዶጅ ከተማ መጥቶ የሚገጥመኝ አለ ወይ አለ። ጎች ወጣ፤ 11 ደቂቃ ያህል ተቋቋመው። በርንስ ጣለው እንጂ አልናቀውም፣ ተማሪው አደረገው። ይህ በርንስ አንገቱ ከመጠንከሩ የተነሣ በገመድ ተንጠልጥሎ ያፏጭ ነበር ይባላል። ልጆች እንዳይሰሙ!

በ1901 ጎች ወርቅ ወደሚቆፈርበት ወደ ክሎንዳይክ ሄደ። እዚያም ፍራንክ ኬኔዲ ነኝ እያለ በውርርድ ታገለ። ማክሎድ የሠራበትን እሱም በወርቅ ቆፋሪዎቹ ላይ ሠራው ማለት ነው። ይህን እኔ አልወድለትም።

በ1904 አንድ ዓይናውን ቶም ጀንኪንስን አሸንፎ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ዋናው ነገር ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1908 ቺካጎ ላይ የሆነው ነው። ተጋጣሚው የዓለም ሻምፒዮን የነበረው፣ በዛሬዋ ኤስቶኒያ የተወለደው ጆርጅ ሐከንሽሚት ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመው ተናነቁ። ሐከንሽሚት ሰውነቱን ዘይት ተቀብቷል፣ ያሙለጨልጨኛል፣ ይታጠብልኝ ብሎ ለዳኛው አመለከተ። ዳኛው ይህን ሳትጀምር ማየት ነበረብህ አለው። እኩል እንለያይ ቢልም ጎች እምቢ አለ። በመጨረሻ ሐከንሽሚት ደክሞት ማዕረጉን ለቀቀለት። እኔ ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ አቤቱታ ሲቀርብ መጀመሪያ ይጣራል። የዳኛው መልስ አልተዋጠልኝም። ቢሆንም ሁለት ሰዓት መቆም በዘይት ብቻ አይሆንም፤ የጎች ብርታት የሚካድ አይደለም።

መስከረም 4 ቀን 1911 እዚያው ቺካጎ፣ ኮሚስኪ ፓርክ እንደገና ተገናኙ። ወደ 30 ሺህ ሰው ገባ፤ የመግቢያው ገቢ ከ87 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ሐከንሽሚት ግን ሲለማመድ ጉልበቱን ተጎድቶ ነበርና ጎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጣለው። ጉልበቱን ሆን ብለው ያስጎዱት የጎች ሰዎች ናቸው የሚል ወሬም ኋላ ተነሣ። ሕዝቡ ያን ያህል ከፍሎ ያየው ይህን ነው፤ ብዙዎችም ተቆጥተው ወጡ።

ጎች ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ታኅሣሥ 16 ቀን 1917 ኩላሊቱ ታሞ፣ ደሙ ተመርዞ፣ በ40 ዓመቱ ሐምቦልት ውስጥ አረፈ። ያ ተሸነፈ የተባለው ሐከንሽሚት የፍልስፍና መጻሕፍት እየጻፈ ኖሮ በ1968 ለንደን ውስጥ በ90 ዓመቱ ሞተ።