የአቃቂ ቃልና የጠላት ቦምብ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በአቃቂ ሜዳ የቆመው የሬዲዮ ጣቢያ የኢጣልያ ኩባንያ በሆነው በአንሳልዶ እጅ መሠራቱ፣ በ1927 ዓ.ም. ሥራ በጀመረበት ዘመን ደግሞ ያችው አገር ኅዳር 26 ቀን በወልወል ደም ካፈሰሰች በኋላ ወረራዋን ታደራጅ የነበረ መሆኑ፣ የታሪክን ምፀት ያሳያል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ከኤርትራ ወሰን ተሻግሮ ዐድዋን በቦምብ በደበደበ ጊዜ፣ አውሮፕላኖቹ ከእሳቱ ጋር ሕዝቡን ከንጉሠ ነገሥቱ የሚለይ ወረቀት ይበትኑ ነበር፤ የኢጣልያው የባሪ ሬዲዮም በዐረብኛ የፋሽስቱን ስብከት ያሠራጭ ነበር።

በአንጻሩ ከአቃቂ የተነሣው ድምፅ፣ በጦርነቱ ዋዜማ እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች ያሰሙትን የሰላም ተማኅፅኖ ጨምሮ፣ ባሕር ተሻግሮ ተሰማ፤ ነገር ግን ጄኔቭ ላይ የተሰበሰቡት ኃያላን ቃሉን ሰምተው ኢትዮጵያን ረድኤት ነሧት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት መናገሻ ከተማዋን ያዘ፤ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ ዳግመኛ የተናገረው ከ1933ቱ ድል በኋላ ነው።

እንግዲህ እውነት ያለ ኃይል ትዘገያለች እንጂ አትቀርም፤ የሐሰት ስብከት ግን የቦምብ ታናሽ ወንድም ስለ ሆነ፣ ሕዝብ ሁለቱንም እኩል ሊጠነቀቃቸው ይገባል።