ከዶሮ ቤትነት የተረፈው ትራም

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ዕቃ አርጅቶ “አበቃለት” ከተባለ በኋላ “ቆይ፣ አትጣሉት!” የሚለው ማን ነው?

ትራም ማለት በከተማ መንገድ ላይ፣ ከመኪናና ከእግረኛ ጋር እየተጋፋ በሃዲድ የሚሄድ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍራንክ ስፕራግ የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካዋ ሪችመንድ ከተማ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ትራም ካስጀመረ ወዲህ፣ በፈረስ የሚጎተተው ትራም ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለው ረጅም ዘንግ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ ይቀበላል፣ ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ኤሌክትሪኩም በሃዲዱ በኩል ይመለሳል። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ላየ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም።

በኋላ ግን አውቶቡስና የግል መኪና ሲበዙ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ትራሞቹስ? ብዙዎቹ ተቃጥለው ብረታቸው ተሸጠ። የአንዳንዶቹ የእንጨት አካል ደግሞ የዶሮ ቤት፣ መጋዘን ወይም ምግብ ቤት ሆኖ ቀረ።

በ1939 በሜይን ግዛት የቢደፎርድና የሳኮ ከተሞች መስመር በአውቶቡስ ሲተካ፣ ጥቂት የባቡር አፍቃሪዎች ገንዘብ አዋጥተው 31 ቁጥርን በ150 ዶላር ገዙት። በ1900 የተሠራ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የበጋ ትራም ነው። ኬነበንክፖርት የሚገኘው የሲሾር የትራም ሙዚየም የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬ ከ200 በላይ ተሽከርካሪዎች አሉት።

መግዛቱ ግን ቀላሉ ሥራ ነበር። የድሮ ትራም ዋና ጠላት ዝናብ ነው። ውሃ በሸራ በተለበጠው ጣሪያ ሰርጎ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ብረቱ ይዝጋል። ስለዚህ ከጥገናው በፊት መጠለያ ያስፈልጋል። መለዋወጫም ከገበያ አይገኝም፤ ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል እኮ! ባለሙያዎቹ የጎደለውን ክፍል ቅርጽ በእንጨት ያወጡና በዚያው ልክ ብረት አቅልጠው ያፈሳሉ።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ትራሙ ሰው ጭኖ ከሄደ ያልቃል፤ ከቆመ ደግሞ ድምፁን፣ ንዝረቱንና የመንዳት ሙያውን እናጣለን። የበሰበሰው እንጨት ሁሉ በአዲስ ቢተካስ፣ ያው የድሮው ትራም ነው ትላላችሁ? ጠንቃቃ ጠጋኞች መዳን የሚችለውን የቀድሞ አካል አይነኩም፤ የለወጡትን ሁሉ በፎቶና በጽሑፍ ይመዘግባሉ።

የንጉሥ ሠረገላ ጠባቂ አያጣም። 31 ቁጥር ግን ተራ ሰው ሳንቲም ከፍሎ የሚሳፈርበት ነበር፤ ያን ጊዜ ገና 39 ዓመቱ ነው። ያተረፉት ሰዎች ቅርስ እስኪባል አልጠበቁም።