የአካባቢ ምህንድስና በመጠጥ ውኃ አገልግሎት፤ ከደባርቅ እስከ ድብ ባሕር

የአካባቢ ምህንድስና የውኃን፣ የአየርንና የአፈርን ንጽሕና በመጠበቅ የሕዝብን ጤና የሚያስጠብቅ የሙያ ዘርፍ ነው። በመጠጥ ውኃ አገልግሎት የተሰማራ የዘርፉ ባለሙያ ውኃው ከምንጩ ተነሥቶ ቦኖ እስኪደርስ ያለውን ሂደት በኃላፊነት ይከታተላል።

በአገራችን ለዚህ ሙያ መሠረት ከጣሉት ተቋማት አንዱ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን እንዲሠሩ አድርጎ አሠልጥኗል። ምንጭ ማጎልበት፣ ጉድጓድን ከብክለት መከላከልና የመጸዳጃ ቤት ግንባታን ማስፋፋት የሳኒታሪያኑ ድርሻ ነበር። በ1979 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ደግሞ የውኃ መሐንዲሶችን በአገር ውስጥ የማሠልጠኑ ሥራ ተጠናከረ። የዛሬው የአካባቢ መሐንዲስ የሁለቱንም ዕውቀት አጣምሮ መያዝ ይጠበቅበታል።

የስሜን ተራሮች ግርጌ ይህን ዕውቀት አጥብቆ የሚፈትን አካባቢ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ቆላማውን ድብ ባሕር ያገኛል። ከምንጭ በታች ለሚገኙ መንደሮች ውኃው ያለ ሞተር በራሱ ክብደት ይወርዳል። ይሁን እንጂ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት 1 ባር ያህል ይጨምራል። ሳይቋረጥ 300 ሜትር የሚወርድ መስመር 30 ባር ግፊት ስለሚፈጥር 16 ባር ብቻ የሚችለውን ቧንቧ ይፈነዳዋል። በመሆኑም መሐንዲሱ በመስመሩ ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ገንዳዎችን ያስገነባል። ምንጩ ወይም ጉድጓዱ ከከተማው በታች ሲሆን ደግሞ ውኃውን በፓምፕ መግፋት ግድ ስለሚል፣ የመብራትና የነዳጅ ወጪ የአገልግሎቱን ዕድሜ ይወስናል።

ውኃው ቦኖ መድረሱ ብቻውን ንጽሕናውን አያረጋግጥም። በክረምት ጎርፍ የሚደፈርስ ምንጭ ክሎሪን ቢጨመርበትም ድፍርስነቱ የክሎሪኑን ኃይል ያዳክማል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚያስገነዝበው፣ ክሎሪኑ ከውኃው ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነጻ ቀሪ ክሎሪን ሊኖር ይገባል። ልኬቱም በማጠራቀሚያው ብቻ ሳይሆን በመጨረሻው ቦኖ ጭምር መወሰድ አለበት።

የዚህ ጥንቃቄ አስፈላጊነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎልቶ ታይቷል። በሰሜኑ ጦርነት ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ወገኖች በደባርቅና በዳባት ተጠልለው ነበር። ዓለም አቀፉ የሰብአዊ ርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ እንዲቀርብ ያሳስባል። ለነዋሪው ብቻ ታስቦ የተዘረጋ መስመር ድንገት ብዙ ሕዝብ ሲጨመርበት ውኃው በፈረቃ መሰጠቱ፣ ባዶ የቆየ ቧንቧም ብክለትን ወደ ውስጥ መሳቡ የማይቀር ነው። ተቅማጥና መሰል ወረርሽኝ የሚነሣውም በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሌሎች የውኃ ጥቅሞች ሁሉ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር ውኃ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለማቅረብ ግብ አስቀምጦ ነበር። እነዚህ ግቦች የሚሟሉት ግን ተቋም ተገንብቶ በመመረቁ ብቻ አይደለም። ለክሎሪን፣ ለመለዋወጫና ለጥራት ምርመራ በየዓመቱ በጀት ሊያዝ፣ የውኃ ኮሚቴው የሚሰበስበው ክፍያም ለጥገና ሊውል ይገባል።

ስለሆነም የአካባቢ መሐንዲሱ ዋና ሥራ የሚጀምረው ከምረቃው ማግሥት ነው ማለት ይቻላል። የአንድ ወረዳ የውኃ ሥራ አፈጻጸም ሲገመገም የተመረቁት ቦኖዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ንጹሕ ውኃ የሚሰጡት ስንቱ እንደሆኑ ሊጠየቅ ይገባል።